ለአባባ የተጠቀለለ ጎመን

ልጄ ሰሞኑን የኮሪያ ምግብ ይዟታል። ስልኳን ግድግዳ አስደግፋ እያየች ትከትፋለች፣ ታቦካለች፣ ወጥ ቤቱን ምስቅልቅሉን ታወጣዋለች። ትናንት ደግሞ ሩዝ ከባሕር በሚወጣ ቅጠል ጠቅልላ አቀረበችልኝ። "እማ፣ ቅመሺ እንጂ" ስትለኝ ሳልወድ በግዴ ጎረስኩ። ምን ልበላችሁ፣ ቁጭ ብዬ ጉለሌ ቁስቋም ስለነበረው የድሮ ቤታችን ማሰብ ጀመርኩ።

እማዬ ስትሞት ቤት የቀረነው አባባና እኔ ብቻ ነበርን። ተዝካሩ ወጥቶ ዘመድ ወደየቤቱ ሲበተን ድስቱ እኔ ላይ ወደቀ። አባባ ግን የእኔን እጅ አልበላ አሉ። ሽሮም ብሠራ፣ ምስርም ብሠራ አንድ ሁለቴ ጎርሰው "የእናትሽ እንዲህ አልነበረም" ይሉና እጃቸውን ይታጠባሉ። ክፋት አይደለም፣ ሐዘን ነው። ግን ከቀን ወደ ቀን እየመነመኑ ሄዱ፤ ኮታቸው እንኳ ሰፋቸው። እናቴን ቀብሬ ዓመት ሳይሞላ አባቴን ልደግም ነው ብዬ ፈራሁ። መናደዱንም ተናድጃለሁ። እኔስ እናቴ አይደለችም እንዴ የሞተችው?

ጎረቤታችን እትዬ ሮማን ቤይሩት ሰው ቤት ሲያበስሉ ኖረው የተመለሱ ሴት ነበሩ። ብሶቴን ብነግራቸው ሳቁብኝ።

"አንቺ ሞኝ፣ ከእናትሽ ወጥ ጋር ምን አጋፋሽ? እሷ ሠርታው የማታውቀውን ሥሪላቸው።"

ነገሩ ልቤ ገባ፤ የቤይሩቱን የጎመን ጥቅል ሊያሳዩኝ ተስማሙ። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነበር። በዚያ ጭቃ አዲሱ ገበያ ወርጄ ጥቅል ጎመን፣ ሩዝና ናና ገዛሁ። እትዬ ሮማን እዚያ በወይን ቅጠልም ይጠቀለላል አሉኝ፤ ጉለሌ ውስጥ የወይን ቅጠል ከየት ይምጣ! ጎመኑን ቅጠል በቅጠል ቀቅለን፣ ሩዙን ከሽምብራና ከቲማቲም ጋር ለውሰን ጣት ጣት አሳክለን ጠቀለልነው። የመጀመሪያዎቹ እጄ ላይ ተዘረገፉ። ድስቱ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት መንተክተክ ሲጀምር ግን ቤታችን አዲስ ሽታ ሸተተ፣ እኔም ደስ አለኝ።

አባባ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠረጴዛው ተሰናድቷል። እትዬ ሮማን እንዳሳዩኝ ለእሳቸው አንድ ሳህን፣ ለእኔ አንድ ሳህን፣ ከየጎኑ ሹካ። ቆመው አዩት።

"ለየብቻ ነው የምንበላው?" አሉ።

የውጭ አገር ምግብ ስለሆነ አቀራረቡ እንዲህ ነው አልኳቸው።

"ሁለት ሰው ቀርተን፣ እሱም ማዕድ ይለያል?"

ሊተኙ ወደ ጓዳ ዞሩ። እንባዬ መጣ። ያን ሁሉ ስለፋ ይሄ ትዝ አላለኝም፤ በእኛ ቤት ሰው ለብቻው የሚበላው ሲታመም ወይ ሲጣላ ነው። ሮጬ ትሪ አመጣሁና ሁለቱንም ሳህን ገለበጥኩበት። መረቁ ፈሰሰ፣ ጥቅሉ ተደባለቀ፣ ሹካዎቹን ወዲያ አልኳቸው።

አባባ ተመልሰው ተቀመጡ። አንዱን ጥቅል በጣታቸው አንስተው ወደ እኔ ዘረጉ። እማዬ ከሞተች ወዲህ አጉርሰውኝ አያውቁም ነበር። እኔም አጎረስኳቸው። ቀስ ብለው አላመጡት። አሁን የእናቴን ስም ያነሳሉ ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን እንደገና ሰደዱ። ትሪው ባዶ እስኪሆን በላን።

መስከረም ላይ ፈራ ተባ እያልኩ ሽሮ ሠራሁ። በልተው "ጨምሪልኝ" አሉ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አባባም ካረፉ ቆዩ። ትናንት ልጄ ዓይን ዓይኔን እያየች "ጣፈጠሽ?" ትለኛለች። እውነቱን ልንገራችሁና የባሕር ቅጠሉ ጭራሽ አልተስማማኝም፤ አንድም ሳላስቀር በላሁላት። ያኔ ነው የገባኝ፤ አባባ ያን ጎመን አልወደዱትም ነበር።