የአቻዬና የአዋላጇ መኪኖች

ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ አሮጌ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች በአንዱ፣ ሰው ሁሉ «አቻዬ» የሚለው ባለሱቅ ነበር። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ፋብሪካው የተዘጋ፣ መለዋወጫው ከገበያ የጠፋ መኪና ያለው ሰው መጥቶ «አለቀልኝ» ሲለው፣ እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «አቻ የሌለው ዕቃ የለም፤ የሚፈልገው ሰው ነው የጠፋው» ይላል።

የተሰበረውን ዕቃ ተቀብሎ ኮት ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ወዲያ ዓለም ሁሉ ሱቁ ነው። ሻይ ቤት ሲቀመጥ፣ ፀጉሩን ሲቆረጥ፣ የታመመ ሊጠይቅ ሲሄድ ሳይቀር እጁ ኪሱ ውስጥ ሆና ዕቃውን ትዳብሳለች፤ ዓይኑ መሳዩን ይፈልጋል። የጭነት መኪና የፍሪሲዮን ጎማ ለአንዲት ትንሽ መኪና ፍሬን እንደሚሆን ያወቀው እንዲህ ሲዞር ነው። የወፍጮ ሞተር ኩሽኔታም የአንድ ጡረተኛ መኪና ዲናሞ ውስጥ ልክ ብሎ ገብቷል። ዕቃ ቦታውን ሲያገኝ «ጠቅ» ይላል፤ አቻዬ ያችን ድምፅ ለመስማት ምሳውን ይተዋል።

ሚስቱ ግን ድምፁን አትወድለትም። የግፊት ድስቷ ጎማ ጠፍቶ ቤቱን ስታስስ ከርማ፣ በመጨረሻ የጎረቤት መኪና ራዲያተር ክዳን ውስጥ ተገኝቷል።

«አንድ ቀን እኔንም ነቅለህ ለሰው መኪና ትገጥመኛለህ» አለችው።

«አንቺማ አቻ የለሽም።»

«አቻ የሌለው ዕቃ የለም ስትል አልነበር? ሂድ ወዲያ!»

እንዲህም ሆኖ አቻዬ የማይጥሳት አንዲት ሕግ ነበረችው። ከሞተ መኪና ይነቀላል፤ ከሚሄድ መኪና አይነቀልም። ነጋዴና ሌባ የሚለያዩት እዚህች ላይ ነው ብሎ ያምናል።

የራሱም መኪና አሮጌ ነበረች፤ ወተት የበዛበት ሻይ የምትመስል፣ ባለ አራት በር፣ ፋብሪካዋ ከተዘጋ ዘመን ያለፈው። በከተማው ውስጥ የእሷ ዓይነት ሌላ አንዲት ብቻ ነበረች። የዚያችኛዋ ባለቤት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ከእሱ ቤት በላይ ካለው አቀበት ላይ ይኖራሉ፤ ልጆቹን ሁሉ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ አንደበታቸው ደግሞ ከመርፌያቸው ይልቅ ይወጋል። ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ስለ ጤና ይጠያየቃሉ። የሚጠያየቁት ግን ስለ መኪኖቹ ጤና ነው፤ አጠያየቃቸውም የሀብታም አጎቱን ትኩሳት እንደሚጠይቅ ወራሽ ነበር።

«እትዬ፣ መኪናዎ እንዴት ናት? ትናንት ሳል ቢጤ ሰማሁባት።»

«ያንተዋን ሳትቀብር አትሞትም። ይልቅ ያንተዋ ጭሷ በዝቷል፤ አስመርምራት።»

ነገሩ ለሁለቱም ግልጽ ነው። ቀድማ የሞተችው ለቀረችው መለዋወጫ ትሆናለች።

አንድ ክረምት የአቻዬ መኪና ካምቢዮ ውስጥ ያለች ዋና ጥርስ ተሰባበረች። ሞተሩ ይነሣል፣ ያጓራል፣ ያጨሳል፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አትልም። አቻዬ የተሰበረችውን ጥርስ ኪሱ ከቶ ከተማውን አዳረሰ። የትራክተሩ ወፈረች፤ የታክሲው ቀጠነች። የቶርኖ ባለሙያው ቀርጾ የሰጠው ደግሞ በመጀመሪያው ሙከራ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አቻ ያጣለት ዕቃ የራሱ ሆነ። የቀረችው አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ያለችው በአዋላጇ መኪና ሆድ ውስጥ ነው። ያቺ ደግሞ የምትሄድ መኪና ናት።

ከዚህ የባሰው አዋላጇ የሰሙ እንደሆነ ነው። መኪናው መሞቷን ካወቁ ነገ ጠዋት ዘንቢል ይዘው ከደጁ ይቆማሉ! ስለዚህ አቻዬ መላ ዘየደ። በየማለዳው ግቢው ውስጥ ሞተሩን ያስነሣል፣ ነዳጁን እየረገጠ ሰፈሩን በጩኸት ይቀሰቅሳል፤ ከዚያ አጥፍቶ በጓሮ በር ሹልክ ብሎ በእግሩ ወደ ሱቁ ይሄዳል።

«ጎረቤቱ ሄደ ይልሃል፤ ጭሱን የምበላው እኔ!» ትላለች ሚስቱ፣ ያጠበችውን ልብስ ከገመዱ ላይ እየሰበሰበች።

በዚያው ሰሞን የአዋላጇ መኪና ዕረፍት አጣች። ዛሬ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ናት፤ ነገ ከልብስ ሰፊው ፊት ለፊት፤ ከነገ ወዲያ ዛፉ ሥር። አቻዬ በእግሩ ባለፈ ቁጥር ቅናት ያንገበግበዋል። «እንዴት ያለች ብርቱ ናት!»

አንድ ቀን የጫማው ክር ተፈትቶበት አጠገቧ አጎነበሰ። ዓይኑም ሳያስበው ከሥሯ ገባ። መሬቱ ደረቅ ነው። አቻዬ ባለበት ቀረ። የዚያ ዓይነት መኪና ዘይት ሳያንጠባጥብ ቆሞ አያውቅም፤ ካላንጠባጠበ ወይ ዘይት የለውም፣ ወይ ነፍስ የለውም። ወደ ኋላዋ ዞረ። የጭስ ማውጫዋ አፍ ላይ ሸረሪት ድሯን አድርታ ተደላድላ ተቀምጣለች።

ቀጥ ብሎ ሄዶ የአዋላጇን በር አንኳኳ።

«እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? መኪናዎ ደህና ናት?»

«ምን ትሆናለች? አሁን በሷው ከገበያ መመለሴ ነው።»

«ከሸረሪቷ ጋር ነው የተመለሱት?»

አዋላጇ ግራና ቀኝ መንገዱን አዩ። «ግባ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ደጅ ላይ አታዋርደኝ።»

ከገቡ በኋላ ሁሉም ነገር ወጣ። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ተሰንጥቋል፤ ሞተሩ ከቆመ ሰንብቷል። በየቀኑ ቦታ የሚቀይሩላቸው ልብስ ሰፊውና የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ናቸው፤ እየገፉ።

«ሞተች ብለህ መፍቻ ይዘህ እንዳትመጣብኝ ነዋ! አንተስ ብትሆን? በየማለዳው ምጥ እሰማለሁ፤ ልጁን ግን ያየ የለም። ይህን ሁሉ ዘመን ሳዋልድ እንዲህ የከፋ ምጥ አላጋጠመኝም።»

አቻዬ እጁን ኪሱ ከቶ የተሰበረችውን ጥርስ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ተያዩ። መጀመሪያ አዋላጇ፣ ቀጥሎ እሱ፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ሳቁ ሲያልቅ ነገሩ መጣ። እሱ የሚፈልገው እሳቸው ዘንድ፣ እሳቸው የሚፈልጉት እሱ ዘንድ ነው። አንዷ እንድትነሣ አንዷ መፈታታት አለባት።

«የሞተችው የእርስዎ ናት» አለ አቻዬ። «ሞተር ልብ ነው፤ ልብ ከቆመ በቃ።»

«ያንተዋ ጩኸት ብቻ ናት። የእኔዋ ቢገፏት ትሄዳለች።»

«የተገፋ ሁሉ ሄደ አይባልም።»

«የጮኸም ሁሉ ኖረ አይባልም።» አዋላጇ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «በል፣ ሙያው ያንተ ነው፤ አንተው ፍረድ። ያልከውን እቀበላለሁ።»

ቢከራከሩት ይሻለው ነበር። ቤቱ ገብቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ወለሏ ዝጎ ተበስቷል፤ በቀዳዳው የግቢው ሣር ይታያል። የአዋላጇ መኪና ግን ገላዋ ንጹሕ ነው። ለደንበኛ ቢሆን ኖሮ የትኛዋ ትብለጥ ብሎ አያስብም፤ ዓይኑን ሳያሽ ይፈርዳል። ለራሱ ሲሆን ግን ቀዳዳው ጠበበበት።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አላት ሚስቱን በመስኮቱ።

«የማውቀውን ልንገርህ። የመጨረሻዋን ልጅ ሳምጥ ያንተዋ አልነሣ ብላህ ኮፈኗ ውስጥ ተደፍተህ ነበር። ደርሰው ይዘውኝ የሄዱት እሳቸው ናቸው፤ በዚያችው መኪናቸው።»

አቻዬ ወጥቶ መፍቻውን አመጣ። የገዛ መኪናውን ቴስታታ ብሎን በብሎን ፈታ፤ በእያንዳንዷ ብሎን አንድ ነገር ያጉተመትማል፤ ጸሎት ይሁን ስድብ ሚስቱ ልትለየው አልቻለችም።

ቴስታታው በአዋላጇ መኪና ላይ ተገጥሞ ሞተሩ የሚሞከርበት ቀን፣ ልብስ ሰፊው ሳይቀር ሥራውን ጥሎ መጣ። አቻዬ መሪው ላይ ተቀምጦ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አቃሰተ፣ ቆመ፣ ደግሞ አቃሰተ። አዋላጇ ኮፈኑን እየዳበሱ «ግፊ የእኔ እናት! ግፊ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ!» ይሏታል። ድንገት ተነሣች። «አለቀሰች!» ብለው ሲጮኹ ሠፈሩ በእልልታ ተቀበላቸው።

አቻዬ ወርዶ የሾፌሩን በር ያዘላቸው። እሳቸው ግን በፊት በኩል ዞረው፣ የወዲያኛውን በር ከፍተው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ መሪው በዚህ በኩል ነው።»

«የት እንዳለማ አውቃለሁ። ፍሪሲዮኑን ማን ይረግጥልኛል? ጉልበቴ እንቢ ካለ ሰነበተ።»

አቻዬ ደም ሥሩ ተገተረ። «ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ የምትፈታው የእርስዎዋ ነበረች!»

«ለዚህ ነዋ ያልነገርኩህ።»

በሩን ዘግቶ ሊሄድ ቃጣው። ሚስቱ ግን ኋላ ወንበር ላይ ተደላድላለች። «ግባ እንጂ፣ ሰው ያየናል» አለችው።

ገባ። ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ ጀመረ፤ ሁለተኛ አስገባ። ሦስተኛዋ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ሰተት አለች።

«ጉድጓድ አለ» አሉ አዋላጇ።

«አይቻለሁ።»

«ፍሬቻ አሳይ።»

«እያሳየሁ ነው። ወዴት ነው የምንሄደው?»

«ዝም ብለህ ንዳ፤ ስንደርስ እነግርሃለሁ።»

በሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ የሚያዘውን ሰው መንገድ ዳር ያወርደው ነበር። አሁን ግን መኪናዋ የእሳቸው ናት፤ እሱ ደግሞ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነው። ነዳ።