የጥጉ ሱቅ መርዶ

ለገሠ ኢንጂነር ሊሆን ነበር ሎስ አንጀለስ የመጣው። አገር ቤት ነገር ሲገለባበጥ ከመንግሥት ይላክለት የነበረው ገንዘብ ቀረ፣ ትምህርቱም አብሮ ቀረ፣ እሱም ፌርፋክስ በሚባለው የአይሁዶች ሰፈር ጥግ ላይ ባለች ሱቅ ውስጥ ከበርሜል ኪያር አውጪ ሆኖ አረፈው። ሱቅ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ የተዘፈዘፈ ኪያር የሞላባቸው አራት የእንጨት በርሜሎች፣ አንድ ሚዛን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጨው ዓሣ ሽታ። ጓደኞቹ "ኢንጂነር፣ ዛሬ ስንት ዓሣ ዲዛይን አደረግህ?" እያሉ ይቀልዱበታል። አብሮ ይስቃል እንጂ ምን ያድርግ!

ሰፈሩን ግን ወዶታል። ያ ሁሉ ከተማ ሰው ከመኪናው የማይወርድበት ሲሆን፣ ያቺ መንገድ ብቻ እንደ ትንሽ የገበያ ከተማ ነበረች። ዓርብ ጠዋት አሮጊቶቹ ባለጎማ ዘንቢላቸውን እየጎተቱ ከዳቦ ቤት ዓሣ ቤት ይዞራሉ፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ የማን ልጅ ማንን እንዳገባና የማን ጉልበት እንዳበጠ ያወራሉ። ለገሠ አንድ ቀን ቢቀር ሦስት ሰው "ምን ሆነህ ነው?" ብሎ ይጠይቀዋል። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሰፈሩ እያለቀ ነበር። ልጆቹ ርቀው ሄደዋል፣ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ሰዉን ወስደውታል፣ አሮጊቶቹም በየክረምቱ ይቀንሳሉ። መጀመሪያ ጫማ ጠጋኙ ዘጋ። ቀጥሎ ልብስ ሰፊው።

ልብስ ሰፊው ዕቃውን ሲያራግፍ ለገሠ ለአባቱ ካፖርት ሊገዛ ገባ። የሱቁ ጌታ ሚስተር ዘልማን ካላየሁት ብለው ተከተሉት። ሰባን ያለፉ፣ ጆሯቸው የደከመ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከሱቁ በላይ ባለች ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ካፖርቱን ገለባብጠው አዩና ቁልፉ አልተስማማቸውም። የሽማግሌ ጣት ትንሽ ቁልፍ አይዝም፣ ቀይርለት ብለው ከልብስ ሰፊው ጋር ተጨቃጨቁ፤ ትልልቅ ቁልፍ ሳያስተክሉለትም አልወጡም። ለአንድ የማያውቁት የአዲስ አበባ ሰው መሆኑ ነው እንግዲህ!

በዚያው ሰሞን ሚስተር ዘልማን ምሳ በወጡበት የሕንፃው ባለቤት ልጅ ሜትር ይዞ መጣ። ጥጉ ለትልቅ መደብርና ለመኪና ማቆሚያ ተሽጧል፣ ሊፈርስ ነው አለ። ለሽማግሌው ስልክ ብደውል አይሰሙኝም፣ አንተ ንገርልኝ፤ የሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ረቡዕ ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ አለ፣ የሚቃወም ካለ የሚሰማው ያን ቀን ብቻ ነው ብሎት ሄደ። ሚስተር ዘልማን ሲመለሱ ለገሠን "ማን መጥቶ ነበር?" አሉት። "ማንም" አላቸው።

አይፈረድበትም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው እንዴት እንደሚነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። በሥራ መሀል፣ በባዶ ሆድ፣ ለብቻ ሰው መርዶ አይነገርም። ስለ ስብሰባው ደግሞ ብዙም አላሰበበት። እሱ ባደገበት አገር መንግሥት የቆረጠውን ነገር ተሰብስቦ የመለሰ ሰው አይቶ አያውቅም። ለሱ ሱቁ ያን ቀን ሞቷል፤ የቀረው ማርዳት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ካፖርቱን በወረቀት ጠቅልሎ እትዬ ተናኘወርቅ ዘንድ ሄደ። እትዬ ተናኘወርቅ ከአንድ ዲፕሎማት ቤተሰብ ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ተማሪው ሁሉ እንደ እናት የሚያያቸው ሴት ናቸው። ግርማቸውም እዚያው ነበር፤ ኤርፖርቱ ጋ ዌስትቼስተር ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ጓደኛው ነው፣ ወደ አገር ቤት የሚበር ሰው አያጣም። ለገሠ ካፖርቱን ሰጠው። ግርማቸው ቀና ብሎም አላየው። "ኦኬ" አለና ወስዶ መኪናው ውስጥ አስቀመጠው።

ከዚያ ለገሠ የሽማግሌውን ነገር አወራላቸውና እንዴት ላርዳቸው ብሎ ምክር ጠየቀ። እትዬ ተናኘወርቅ ሲኒ ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። ግርማቸውም ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ለገሠ ለሽማግሌው አዝነው መሰለው።

"ብቻውን እንዳትነግረው" አሉት እትዬ በመጨረሻ። "ዘመድ ይኑር። ጠዋት ይሁን። እስከዚያ ፊትህ ላይ ምንም እንዳያይብህ፣ ልጄ።"

እንዳሉት አደረገ። ሳንታ ሞኒካ ያለችው የሚስተር ዘልማን ልጅ ሩት ጋ ደውሎ መቼ እንደምትመጣ ጠየቃት፤ ለፋሲካቸው እመጣለሁ አለችው፣ ምክንያቱን አልነገራትም። ዳቦ ጋጋሪውንና ጋዜጣ ሻጩን ግን በየተራ ጠርቶ ነገራቸውና ለሽማግሌው እንዳይተነፍሱ አስማላቸው። ዝም ማለት ደግሞ ይችልበታል! ሚስተር ዘልማን ለበጋው አዲስ በርሜል ሲያዙ አብሯቸው መረጠ። በርሜሉ መጥቶ በሩ ላይ ሲወርድ አብሮ አወረደ። ረቡዕም መጣ። ለገሠ ቀኑን ሙሉ ኪያር ሲያወጣ ዋለ፣ ሽማግሌውም ሚዛናቸውን ሲወለውሉ ዋሉ፤ ረቡዕ እንዲህ አለፈ።

በበዓሉ ጠዋት ሩት መጣች። ለገሠ ጋጋሪውንና ጋዜጣ ሻጩን አስከትሎ ወደ ላይ ወጣና ሽማግሌው ቁርስ እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ ወንበሩን አስጠግቶ፣ ጆሯቸው ስር፣ በተቻለው መጠን በቀስታ ነገራቸው። ሩት ደንግጣ አፏን ያዘች። ሚስተር ዘልማን ግን አላለቀሱም። የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ አዩት።

"ስብሰባው መቼ ነው?" አሉ።

አልፏል አላቸው።

"አንተ መቼ አወቅህ?"

ለገሠ ነገራቸው። ብቻዎን ስለሆኑ ነው፣ ልጅዎ እስክትመጣ ብዬ ነው አለ። ያኔ ሩት እያለቀሰች ያላወቀውን ነገር ነገረችው። እሷ ልጅ ሳለች መንገዱን እናሰፋለን ብለው ይህንኑ ጥግ ሊያፈርሱት ነበር። አባቷ ሱቁን ዘግተው የሰፈሩን አሮጊቶች ከነዘንቢላቸው አውቶቡስ ላይ ጭነው ማዘጋጃ ቤቱን ሞሉት፤ ዕቅዱም ተሰረዘ።

"ብቻዬን መሆንማ ለምጄዋለሁ" አሉ ሚስተር ዘልማን። "ያቺን ረቡዕ ነበር የምፈልጋት። ሱቁ እኮ ገና አልሞተም ነበር።"

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። በወሩ ሩት ወደ ሳንታ ሞኒካ ወሰደቻቸው፤ በርሜሎቹን ያጠበው፣ ጨው ውኃውን ደጅ የደፋው ለገሠ ብቻውን ነው። አዲሱን በርሜል የሚገዛ ጠፍቶ እዚያው ቀረ። ዓርብ ዓርብ አንዳንድ አሮጊት ረስታ እስከ በሩ ትመጣና ዘንቢሏን እየጎተተች ትመለሳለች። ለገሠም ጋርዴና በሚባል ሰፈር ፋብሪካ ገባ። ሽማግሌውን ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ይላል፣ አውቶቡስ መሳፈሪያው ድረስ ይሄድና ይመለሳል። አፍሮ ነው፣ ሌላ አይደለም።

ሰኔ ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከቤቱ ፊት የግርማቸው መኪና ፓርክ አደረገ። ከኋላው ሌላ፣ ከኋላው ደግሞ ሌላ። ለገሠ በመስኮት አየ። እትዬ ተናኘወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ወረዱ፤ ቴክሳስ ያለው ያጎቱ ልጅ ደግፏቸዋል። በሩን ሳያንኳኩ ገባው።

አባቱ ናቸው። ለቅሶው ሲበርድ፣ ወንበር አጥቶ መሬት ላይ የተቀመጠውም ሲረጋጋ፣ ለገሠ ቀና አለ።

"መቼ አወቃችሁ?"

እትዬ ተናኘወርቅ ነጠላቸውን እያፍተለተሉ፣ ከሁዳዴ በፊት ነው አሉት። ያጎትህ ልጅ ትምህርት እስኪዘጋ፣ ዘመድ እስኪገኝ ብለን ነው አሉት።

"ያን ቅዳሜ ምክር ስጠይቅዎት ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ ልጄ።"

አርባው አልፏል፣ ሰማንያውም አልፏል። በአርባው ቀን ምን ሲያደርግ እንደዋለ እንኳ አያውቀውም። ፋሲካ ዕለት እዚያው እሳቸው ቤት ሲስቅና ሲጫወት አምሽቷል፣ እነሱም አይተውታል። ለገሠ አፉን ከፈተ፤ ምን ሊላቸው እንደፈለገ ያውቀዋል፣ ቃሉ ከሚስተር ዘልማን አፍ የወጣው ነው። ግን እትዬን አያቸው፤ ሌሊቱን ሲያበስሉ አድረው ዓይናቸው ቀልቷል። ግርማቸው ሥራ ቀርቶ ነው የመጣው። ሁሉም ወደውት ነው።

"እግዜር ይስጥልኝ" አላቸው።

ከዚያ ወደ ግርማቸው ዞሮ ካፖርቱን ጠየቀው። ግርማቸው ወደ መኪናው ወርዶ አመጣው፤ ወረቀቱ እንኳ አልተፈታም። ለገሠ ፈታው፣ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፣ ትልልቆቹን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፋቸው። ለሽማግሌ ጣት በጣም የሚመቹ ቁልፎች ነበሩ።