የሞላ «እኛ»

በስማዳ፣ ከወገዳ ማዶ ባለችው ጎጥ ሞላን የማያውቅ ሰው የለም። በእርሻው የሚታወቅ እንዳይመስላችሁ፤ እርሻውንስ የሚያውቀው አረሙ ነው። ሰውዬው የሚታወቀው በአፉ ነው። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባል የለ? ሞላ ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ ጋግሮ ያበላል፤ ያውም ከወንበሩ ሳይነሳ።

ሚስቱ ትርሲት ስንት ዘመን አብራው ኖራ የቃሉን ፍቺ ለይታለች። «እኛ» ሲል፣ ማን ማንን ማለቱ እንደሆነ ከአፉ አይገኝም፤ ጊዜውን ማየት ነው። ገብሱ ሳይታጨድ ከሆነ «እኛ» የሚባል ነገር የለም፤ «እናንተ በርቱ» ነው። ተወቅቶ ጠላው ሲቀዳ ግን «ዘንድሮስ ወገባችን ተቆረጠ!» ይላል። የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ሲለወጥ አንድ ምስማር ሳያቀብል «ሠራን» አለ። ክዳኑ ማፍሰስ ሲጀምር ደግሞ ሰበካ ጉባኤው ፊት ቆሞ «ይኼ የሠራችሁት ምን የሚሉት ሥራ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ወይ አለማፈር!

ለእሱ የምታፍርለት ትርሲት ነበረች፤ በተለይ በቃሬዛው ነገር። በዚያ አገር መኪና ከደጅ አይደርስም። ሰው ሲታመም ጎጡ ተጠራርቶ፣ ተራ ገብቶ፣ በቃሬዛ ተሸክሞ ነው ዳገቱን የሚያወጣው። የሞላ ተራ ሲደርስ ወይ ጉልበቱን ያመዋል፣ ወይ በሬ ይጠፋበታል። በማግስቱ ግን «ተሸክመን ተሸክመን ትከሻችን አለቀ» ማለቱን አይተውም። ጎረቤታቸው ዘካርያስ አንድ ቀን «ሞልዬ፣ ያንተስ ትከሻ የሙሽራ ነው የሚመስል» ቢለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ያልሳቀችው ትርሲት ብቻ ናት።

በኅዳር መጨረሻ ልጃቸው ፅጌረዳ ምጥ ጠናባት። ዓለምነህን አግብታ ጎጆ ከወጣች ገና ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ትርሲት ፊቷን ስታየው ልጇ ከእጇ የምታመልጣት መሰላት። ጎጡ ግልብጥ ብሎ መጣ። የአባትየውን ነገር ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። ዓለምነህ ከፊት፣ ዘካርያስ ከኋላ ገብተው አነሷት።

ሞላ ዱላውን ይዞ ፊት ፊት ይሄዳል። «ቀኝ ቀኙን! ቀስ እንበል! አይዞን፣ ደረስን!» ዳገቱ ላይ የዘካርያስ ትንፋሽ አጠረ።

«ሞላ፣ በእግዚአብሔር ቀይረኝ!»

«እኔ መንገድ ካላሳየሁ ማን ያሳያችኋል?»

መንገዱን እኮ ፍየሏም ታውቀዋለች! ትርሲት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትከሻዋን አስገባች። ወንድ ቆሞ ሴት ቃሬዛ ስትሸከም በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም። ሞላ ዞር ብሎ አየ፤ አይቶም መንገዱን ቀጠለ።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ወንድ ልጅ በደህና ተወለደ። የፅጌረዳ ደም ግን አልቆም አለ። አዋላጇ ወጥታ፣ «ወደ ትልቁ ሆስፒታል ትሄዳለች። ደም የሚሰጡ ሁለት ሰዎች አብረዋት ይግቡ፤ ቶሎ በሉ!» አለች። ዓለምነህ ዘሎ አምቡላንሱ ውስጥ ገባ። ከዚያ ሰው ሁሉ ሞላን አየው፤ ጉንፋን እንኳ የማይደፍረው ሰው።

«የባሏ ወገኖች አሉ አይደል?» አለ ሞላ፣ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞሮ። «የተዳረች ልጅ እንግዲህ የእናንተ ናት።»

ትርሲት ብዙ ችላለታለች፤ ይቺን ግን አልቻለችም። የሰው አውድማ፣ የሰው ክዳን፣ የሰው ቃሬዛ ሁሉ የእኛ ነው ሲል የኖረ ሰው፣ የወለዳትን ልጅ የእናንተ ናት አለ! «አንተ ሰውዬ፣ አፈር ብላ!» አለችውና ገባች። ከእሷም ከዓለምነህም ደም ተቀዳ፤ ልጅቷም ተረፈች።

ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ጎጡ በሙሉ ተጠራ። ከደጅ ሣር ተጎዝጉዞ፣ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ዳቦውን ባርከው እንደተቀመጡ፣ ሞላ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አባ፣ የእግዚአብሔር ቸርነት ሆኖ ነው እንጂ እኛማ ተስፋ ቆርጠን ነበር። ተሸክመን አደረስናት፤ ደማችንን ሰጥተን አተረፍናት!»

ዘካርያስ አንገቱን ደፋ። ትርሲት የቋጠረችውን ሁሉ ልትዘረግፈው አፏን ስትከፍት ፅጌረዳ ቀደመቻት። ድምጿ ገና አልጠናም፤ ልጇን ታቅፋ አባቷን ቀና ብላ አየችው።

«አባዬ፣ እስቲ የተወጉበትን ክንድ ያሳዩኝ፤ ልሳመው» አለች።

ሰዉ ጠበቀ። ቄሱም ዋንጫቸውን አስቀምጠው ጠበቁ። ሞላ ጋቢውን እስከ ጆሮው ሰብስቦ፣ «ዛሬስ ብርድ ነው» አለ። የጥር ፀሐይ አናት ትበሳ ነበር።