የወንድሜ መንጋጋ

ሰመራ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ከወሎ ወርዶ አዋሽ ዳር የጥጥ እርሻ ውስጥ በቀን ሠራተኝነት ይሠራ ነበር። ጥርሱን ባመመው ቁጥር ይደውልልኛል። እኔም ሥራውን ትቶ እንዳይንከራተት ብዬ «አሞክሳሲሊን ገዝተህ ዋጥ» እለዋለሁ። ሦስት አራት ፍሬ ይውጥና ሕመሙ ሲተወው ያቆማል፤ የተረፈውን ለሚቀጥለው ያስቀምጣል። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድም ቀን «ሂድና አስነቅለው» ብዬው አላውቅም።

ባለፈው ክረምት መንጋጋው አብጦ አፉን መክፈት አቅቶት መጣ። ሆስፒታል አስተኛሁት። መጀመሪያ የተሰጠው መድኃኒት ምንም አልፈየደለትም። የመግሉ ምርመራ ውጤት ሲደርስ ሐኪሟ አልጋው ድረስ መጣች።

«አፉ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞክሳሲሊንንና መሰሎቹን የሚሰባብር ጂን አላቸው» አለችኝ። «አንዱ ለሌላው እያቀበለው ተዛምቷል። በየጊዜው የዋጠው ፍሬ ደካሞቹን ገድሎ ለእነዚህ ቦታ ለቀቀላቸው። ማን ነበር የሚያዝለት?»

ይህንኑ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ በሥዕል አስተምራለሁ። ወንድሜ በዚያ ባበጠ አፉ፣ በኩራት «እሱ ነው፤ መምህር እኮ ነው» አላት። ሐኪሟ አየችኝና ወጣች።

ሌላ መድኃኒት ተገኝቶ ወንድሜ ተረፈ። ነገር ግን የተበላሸው የመንጋጋ አጥንቱ ተቆርጦ ስለወጣ ፊቱ ተጣመመ፤ ንግግሩም እንደ ድሮው አይጠራም። ወደ እርሻውም አልተመለሰም።

ከሆስፒታል በወጣ ማግስት እናታችን ደወለች። «አንተ ባትኖርለት ልጄ አልቆ ነበር፤ ዕድሜህ ይርዘም!» ብላ አለቀሰች።

«አሜን» አልኳት።