ከአሥራ አንዱ ሰባተኛው ፒንሳ

መሪጌታ ገብረ ሚካኤል የተነገራቸውን ነገር በእጃቸው ሳይሞክሩ የማያምኑ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው በጋይንቱ ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ አንድ ባልንጀራቸው «ለቀለም ከገብስ ቆሎ ከሰል የወይራ ጥላሸት ይበልጣል» አላቸው። እርሳቸው አልተከራከሩም። በሁለቱም ቀለም አንጥረው በአንድ ቁራጭ ብራና ላይ ጎን ለጎን ጻፉና ሁለት ክረምት አሳልፈው የትኛው እንደ ደበዘዘ አዩ። ከዚያ ወዲህ «የቱ በለጠ?» ብሎ ለሚጠይቃቸው ሁሉ ያችን ቁራጭ አውጥተው ያሳያሉ እንጂ አፋቸውን አያደክሙም ነበር።

ቤታቸው ከአርብ ገበያ የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቃል። በሰንበት ማኅሌት ይቆማሉ፤ በአዘቦቱ መጽሐፍ ይጽፋሉ፤ ይጠርዛሉ፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ እንደ ጎረቤቶቻቸው እርፍ ይጨብጣሉ። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ከእጃቸው የወጣው መጽሐፍ በጋይንትና በስማዳ አብያተ ክርስቲያናት ተበትኖ ይገኛል። እርሳቸው ግን ስለ ጻፉት ሲወራ ዝም ይላሉ፤ ስለ ሞከሩት ሲወራ ነው ፊታቸው የሚበራው።

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ክረምት ቀኝ አውራ ጣታቸው ከዳቻቸው። መጻፍ አልከለከለቻቸውም፤ ብርዕ በልስላሴ ይያዛልና። የከለከለቻቸው መቆንጠጥን ነው። መጽሐፍ ሲጠረዝ፣ ታጥፎ የተደራረበው ብራና፣ ጥራዝ የሚሉት፣ በማጠፊያው ላይ ይበሳና ከቀደመው ጥራዝ ጋር በጅማት ይሰፋል። መርፌዋ በጠባቧ ቀዳዳ ጫፏን ብቅ ስታደርግ ቆንጥጦ የሚስባት ጣት ትፈልጋለች። መሪጌታ ለአጥቢያቸው ለቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ድርሳኑን ጽፈው ጨርሰው ነበር፤ ለኅዳር ሚካኤል እንደሚያደርሱም በካህናቱ ፊት ቃል ገብተዋል። ከዐሥራ አራቱ ጥራዞች ሦስቱን ሰፍተው በአራተኛው ላይ መርፌዋ ግማሽ መንገድ ወጥታ ቀረች።

«ወዲህ ይበሉ፤ እኔ ልሳባት» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ አመተ ማርያም።

ሳቧት። ብራናው ከቀዳዳው እስከ ጠርዙ ተተረተረ።

«ላም ከገደል የምታወጪ መሰለሽ?» አሉ መሪጌታ የተቀደደውን እያዩ።

«መርፌ ነውና የሰጡኝ መርፌ ሳብሁ። ከላይ ከታች ማለቱን ለባለሙያው ተውሁለት።»

ባለሙያው የተቀደደውን ሲጠግኑ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። የአንጥረኛውን ጉጠት ተዋሱ፤ አፉ ከጥራዙ ማጠፊያ አልገባ አለ። የመብራት ሠራተኞች የሚይዙት ዐይነት ፒንሳም ሞከሩ፤ እርሱም አፉ ደነዝ ነው። ያን ጊዜ ነው መጽሐፉ እንዳይቀር፣ ቃላቸውም ከመጽሐፉ ጋር እንዳይቀር መስጋት የጀመሩት።

ለፍልሰታ ፍቺ የእኅታቸው ልጅ ዓለምነህ ከመካነ ኢየሱስ መጣ። በዚያ በአንድ መሥሪያ ቤት የመሬት ልኬት ሠራተኛ ነው። ፊደል ያስቈጠሩት እርሳቸው ስለ ሆኑ አጎቴ አይላቸውም፤ የኔታ ነው የሚላቸው። ነገሩን ሰምቶ ከወገቡ ላይ ካለች የቆዳ ማኅደር አንዲት ጥፍጥፍ ብረት መዘዘ። ሁለቱን እጀታዎቿን ገልብጦ ሲዘረጋቸው አፈ ቀጭን ፒንሳ ሆነች።

«የኔታ፣ በዚህች ይሞክሩት።»

መርፌዋ ዝናብ ካራሰው እርሻ እንደሚነቀል አረም ወጣች። መሪጌታ ግን አላመሰገኑም። ብረቷን ወደ ብርሃን ወስደው በእጀታዎቿ ውስጥ የታጠፈውን እያንዳንዱን አባል በጥፍራቸው እያወጡ ይቈጥሩ ጀመር፤ ስለት፣ መጋዝ፣ መቀስ፣ ወስፌ፣ ካቻቢቴ፣ የቆርቆሮ መክፈቻ።

«ይህች ነገር ስንት ታወጣለች?»

«የሁለት ሙክት ዋጋ። ያውም አዲስ አበባ ከተገኘች።»

«ምኗ ነው እንዲህ ያስወደዳት?»

«ስሟ ነዋ! በዓለም የታወቀች ናት።»

«ስም ደግሞ መርፌ ይስባል?»

ዓለምነህ ሳቀ። «ብረቷም ብረት ነው። ደግሞ የሃያ አምስት ዓመት ዋስትና አላት፤ ብትሰበር ፋብሪካው ይቀይራል።»

«ፋብሪካው የት ነው ያለው?»

«ባሕር ማዶ።»

«መልካም ዋስ ነው» አሉ መሪጌታ። «ግን የጠፋ ዕለት በየት በኩል ነው የማስጠራው?»

የሆነ ሆኖ ብረቷን ከእጃቸው ማውጣት አቃታቸው። ዓለምነህም የመሥሪያ ቤት ንብረት መሆኗን፣ በፊርማው እንደ ወሰዳት፣ በጥቅምት ወደ ሌላ ዞን ስለሚዛወር ከዚያ በፊት ማስረከብ እንዳለበት ነገራቸው። «እስከ መስቀል ግን ትቆይልዎ» አለና ሄደ።

የነሐሴ መጨረሻ የአረም ወቅት ነው፤ መሪጌታም ከእርሻ በተረፈቻቸው ሰዓት አራት ጥራዝ ሰፉ። በመስከረም የመጀመሪያው አርብ ወደ ገበያ ወረዱ። የኔነሽ የምትባል ነጋዴ ባትሪ፣ መስተዋት፣ መርፌና ቁልፍ በምትዘረጋበት ድንጋይ አጠገብ ሲደርሱ፣ የዓለምነህን ብረት የሚመስሉ ታጣፊ ፒንሳዎች በሲባጎ ተሰክተው ተንጠልጥለው አዩ። አንዱ አምሳ ብር ነው። ቅርጹ ያው፤ አባሉም ያው፤ እንዲያውም ጠርሙስ መክፈቻ ትርፍ አለው።

«ይህስ ከየት መጣ?»

«ከቻይና ነው፣ መሪጌታ። ይውሰዱ፤ ለእርስዎ አይቈጨኝም።»

ይሁኔ የሚባል ገበሬ ከጎናቸው ቆሞ የዓለምነህን ብረት በእጃቸው አይቶ ነበር። «እስቲ ያንተን... ይቅርታ፣ የእርስዎን ያምጡት» አለና ሁለቱን በጣቱ አንጠልጥሎ በጠጠር መታቸው። በዚያ አገር ማረሻም ማጭድም የሚገዛው እንዲህ በድምፁ ነው፤ የሚያቃጭል ብረት ጤነኛ፣ ዱብ የሚል ደግሞ ስንጥቅ ይባላል። የቻይናው እንደ ጸናጽል አቃጨለ። የዓለምነህ ዱብ አለ።

«ይኸው!» አለ ይሁኔ። «የከተሜው ሞቷል፤ ይህ ግን ደወል ነው!»

ሰዉ ሳቀ። ወዲያው ሦስት ሰው ገዛ፤ ይሁኔም ገዛ። ሌላ ጊዜ የቆሎ ከሰልን ከወይራ ጥላሸት ለማበላለጥ ሁለት ክረምት የሚጠብቁት መሪጌታም በዚያች ቀን ጆሯቸውን አምነው ገዙ።

«ቢበላሽስ?» አሏት ከመሄዳቸው በፊት።

«ይመልሱዋ! እኔ አርብን አልቀርም፤ ድንጋዬም አይሸሽም።»

ፈተናው በቤት ተጀመረ። መሪጌታ አንድ ቁራጭ ብራና ወስደው በመካከሉ መስመር አሰመሩ፤ በቀኝ «የዓለምነህ» በግራ «የየኔነሽ» ብለው ጻፉ። በዓለምነህ ስለት ዘጠኝ መቃ ብርዕ ቀረጹ፤ ሞረድ አላስፈለገውም። በየኔነሽ ስለት ሁለት ቀረጹ፤ ሦስተኛው መቃ ተፈነካከተ። ይህን በእነዚያው በተቀረጹት ብርዖች ጻፉት፤ ስለዚህ በቀኝ በኩል ያለው ጽሕፈት ቀጭን፣ በግራ በኩል ያለው ወፍራምና ጠጉራም ሆነ። መቀሱ ላይ ሲደርሱ ግን ነገር ተገለበጠ። ጅማት በመቍረጥ የአምሳ ብሩ በለጠ። አጋጣሚ መስሏቸው ነበርና አምስት ጊዜ ደገሙት፤ አምስቱንም ጊዜ በለጠ። መሪጌታ ይህንንም በዚያው ታማኝነት አሰፈሩት። ለወደዱት ለማድላት የጠሉትን የሚሰርዝ ሚዛን፣ ሚዛን አይባልምና።

ለመስቀል ዓለምነህ መጥቶ የራሱን ወሰደ። በዕለቱ ስምንት ጥራዝ ተሰፍቶ ነበር። ዘጠነኛውን በአምሳ ብሩ ጀመሩት። ሦስት ጊዜ ሳበ። በአራተኛው መርፌዋ ከአፉ አምልጣ ግንባራቸው ላይ ልትሰካ ጥቂት ቀራት። ቢያዩት የመጋጠሚያው ሚስማር ላልቶ አፉ እንደ ሽማግሌ ጥርስ አልገጥም ብሏል።

«የሁለት ሙክት ዋጋ አዳንሁ ብለው አምሳ ብር ጣሉ» አሉ ወይዘሮ አመተ ማርያም።

«ገና አልጣልሁም። የዚህኛውን ዋስ ድንጋይዋን ሳይቀር አውቃታለሁ።»

በጥቅምት የመጀመሪያው አርብ መርፌና ጅማት፣ እንዲሁም የተበላሸ ብራና ቁራጭ ይዘው ወረዱ። የኔነሽ ገና ከሩቅ ስታያቸው ነገሩ ገባት።

«መሪጌታ፣ በሰው ፊት አይናገሩት፤ ገበያዬን ይዘጉብኛል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ነገር ግን ቃሏን አላጠፈችም። የተበላሸውን ተቀብላ እጇን ወደ ሲባጎው ሰደደች። «ሌላ ይውሰዱ።»

«የቱን?»

«ሁሉም ያው ናቸው። ከአንድ ካርቶን የወጡ ናቸው።»

«ከአንድ ማኅፀን የወጡትስ ያው ሆነዋል?»

«እንግዲያ ይምረጡ!» አለች ሳቅም ንዴትም ይዟት። ሲባጎውን ፈትታ የቀሩትን አሥራ አንድ ፒንሳዎች እፊታቸው ዘረገፈችላቸው።

መሪጌታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። አንዱን ከአንዱ በምን ይለዩት? ድምፁ አንድ ጊዜ አታሏቸዋል። በኋላ እንደ ተረዱት፣ ያ ሁሉ ማቃጨል ከሥሥ እጀታው እንጂ ከአፉ አልነበረም፤ የሚሠራው ደግሞ አፉ ነው። መጀመሪያ አፉን ገጥመው ወደ ፀሐይ አነሡት፤ ብርሃን የሚያሳልፈውን ለብቻ አኖሩ። ቀጥሎ ሁሉንም የሚፈትኑበት፣ ከያዙት መርፌም የቀጠነ ነገር ፈለጉ። ያን ጊዜ ይሁኔ አህያውን እየነዳ ደረሰ።

«የኔም ደወል ቆሟል፣ መሪጌታ» አለ ገና ሳይጠየቅ። «የሽቦ አጥር ስጠመዝዝበት አፉን ከፍቶ ቀረ።»

«አጥሩን ትተህ አህያህን አቅርብልኝ። ከጭራዋ አንዲት ፀጉር እፈልጋለሁ።»

«ለምን? ለቅኔ ነው?»

«ለምርመራ ነው።»

«አህያዋ ፈቃዷን አልተጠየቀችም» እያለ ይሁኔ ነቀለላቸው። መሪጌታ ፀጉሯን በየፒንሳው አፍ አስነክሰው ይሁኔን «ሳብ!» ይሉታል። የመጀመሪያው ለቀቀ። ሁለተኛው ለቀቀ። ሦስተኛው ፀጉሯን ሊይዝ ሲል ሚስማሩ ተወዛወዘና ለቀቀ። አራተኛው፣ አምስተኛው ለቀቁ። ስድስተኛው ፀጉሯን በጠሰ፤ አፉ እንደ ስለት የሰላ ነው፤ ጅማትም ይበጥሳል ማለት ነው። ይሁኔ ሌላ ፀጉር ነቀለ። ሰው ተሰበሰበ። የኔነሽ ልቧ ተንጠልጥሎ ታያለች፤ እያንዳንዱ «ለቀቀ» ለእርሷ አንድ ገዢ ሲሄድ ነው። ሰባተኛው ያዘ። ይሁኔ ሳበ፤ ያዘ። ይሁኔ እግሩን አስደግፎ ሳበና ፀጉሯ ከራሱ ጣት ላይ አመለጠች። ከቀሩት አራት ደግሞ አንድ ብቻ ጸና፤ እርሱም ሲዘጋ ያስቸግራል።

«እንግዲህ ይህን የጣሉትን ማን ይግዛኝ?» አለች የኔነሽ። ዓይኗ እንባ ባያወጣም ጠርዙ ቀልቷል።

«ቆርቆሮ የሚከፍት፣ ጅማት የሚቈርጥ ይግዛሽ። መቀሱ ሸጋ ነው፤ እኔ ምስክር ነኝ። መርፌ ይስባል፣ ሽቦ ይጠመዝዛል ብለሽ ግን አትሽጪው።»

«ፋብሪካው ያልለየውን እኔ ልለየው?»

መሪጌታ ይህን ጥያቄ ሲፈልጉት የኖሩ ይመስል ሰባተኛውን ፒንሳ በእጃቸው አገላበጡት። «የዓለምነህ ፋብሪካ ሁለት ሙክት የሚያስከፍለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም» አሉ ቀስ ብለው። «ቀድሞ ለይቶ፣ የለቀቀውን ጥሎ፣ የያዘውን ብቻ ይሸጣል። ያንቺው ፋብሪካ ግን መልካሙንም ክፉውንም በአንድ ዋጋ ይልክና መለየቱን ለእኛ ይተወዋል። ርካሽ አይደለም ማለቴ አይደለም። የቀረውን ዋጋ በተቀመጥንበት ድንጋይ እንከፍላለን ማለቴ ነው።»

ሰባተኛውን ይዘው ወጡ። ሲዞሩ የኔነሽ አንዲት የጭራ ፀጉር ከመሬት አንሥታ በጣቷ ላይ ስትጠመጥም አዩ።

ዘጠነኛው ጥራዝ በዚያው ሳምንት አለቀ፤ አሥረኛውና አሥራ አንደኛው በመከር መካከል ተሰፉ። ሰባተኛው እንደ ዓለምነህ ብረት ልስልስ አልነበረም፤ በየጥራዙ ሚስማሩን በድንጋይ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ያሻል። ስለቱም እስከ መጨረሻው ብርዕ አልቀረጸላቸውም፤ ለዚያ ወደ አሮጌው የአገር ካራቸው ተመለሱ። ዐሥራ አራተኛው ጥራዝ ላይ መርፌዋ ብቅ ስትል ወይዘሮ አመተ ማርያም ከምድጃው ተነሥተው መጡና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ፒንሳው ነከሳት። ወጣች። ኅዳር ዘጠኝ ቀን ነበር።

በኅዳር ሚካኤል ድርሳኑ በምእመናኑ ፊት ተነበበ። ዓለምነህም ከአዲሱ ቦታው ፈቃድ ወስዶ መጥቶ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በቤታቸው ጠላ ቀርቦለት እያለ «በምን ጨረሱት፣ የኔታ?» ብሎ ጠየቀ።

«ከአሥራ አንዱ በሰባተኛው።»

«ታዲያ የቱ በለጠ?»

መሪጌታ ቁራጯን ብራና አወጡ። ዓለምነህ መስመር በመስመር አነበባት፤ በስለት የራሱ፣ በመቀስ የየኔነሽ፣ በመያዝ ደግሞ የራሱ ቀድሟል። በግራው ዓምድ ግርጌ «በጭራ ፀጉር፦ ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ያዙ» የሚል ተጽፏል። በቀኙ ዓምድ ትይዩ ግን ባዶ ነው።

«ይህ ምነው ቀረ?»

«ያንተው ብረት ከሄደ በኋላ ነዋ ይህን ፈተና ያገኘሁት። ይይዛል ብዬ እገምታለሁ። ግምት ግን በብራና ላይ አይጻፍም።» ከራስጌያቸው የታጠፈች ወረቀት አንሥተው ሰጡት፤ በውስጧ አንዲት የአህያ ጭራ ፀጉር አለች። «በአዲሱ መሥሪያ ቤትህም እንደዚያችው ያለች ብረት በፊርማ ይሰጡህ ይሆናል። ስትቀበል ስሟን አታንብብ፤ መጀመሪያ ይህችን አስነክሳትና የሆነውን ላክልኝ። ቦታው ክፍት ነው።»