እሸት ጠባቂዎቹ

አንድ እሁድ ሶዶ ቤቴ ተኝቼ የአንድ ርካሽ አስፈሪ ፊልም ክፍል ሁለትን አየሁ። በቆሎ ማሳ ውስጥ የተደበቁ የገጠር ልጆች ትልልቅ ሰዎችን ይገድላሉ። ደሙ ድልህ መሆኑ ስለሚያስታውቅ እየሳቅሁ ጨረስኩት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አክስቴን ልጠይቅ ገሱባ ሄድኩ። ከባጃጅ ወርጄ በበቆሎው መሃል ባለችው ቀጭን መንገድ ስገባ ግራ ቀኙ ተንኮሻኮሸ። አራት ልጆች ወንጭፍና ድንጋይ ይዘው ወጡና መንገዱን ዘጉብኝ። የትናንቱ ፊልም ድቅን አለብኝ። እኔም በልጅነቴ እሸት ከጦጣ ስጠብቅ መዋሌ፣ የሚያሳፍር ነው፣ ትዝ አላለኝም። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

ትልቋ ልጅ በወላይትኛ፣ «እትዬ፣ የወሰዱት እሸት ካለ ያሳዩን» አለችኝ።

ይህን ብላ ድንጋዩን እንደያዘች ከትንንሾቹ ኋላ ተሸሸገች።