የሮቢቱ ሰው ሽርጥ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ ካልያዝኩ ያልኩ ሽማግሌ ነኝ፤ ያውም በሥራ አመራርና በዓለም ኢኮኖሚክስ። ባለቤቴ «ሰው በዚህ ዕድሜው ንስሐ ነው የሚገባ» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።

የዚያን ቀን የቤት ሥራዬ የቆቦ ማሽላ ዋጋ ከዓለም ገበያ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ማጣራት ነበር። ተመራማሪ ልምሰል ብዬ በዚያ ሙቀት ልጄን የዳርኩበትን የሱፍ ሙሉ ልብስ ለበስኩ፤ ከረባትም አሰርኩ። ገበያው ዳር ጥላ ሥር የተቀመጠ ጎልማሳ አገኘሁና «እዚህ አገር ማሽላ በብዛት የሚገዛ ማን ነው?» አልኩት።

«የወታደሩ ካምፕ ነዋ!»

ደስ አለኝ። «ስንት ኩንታል ይገባል? በየት በኩልስ ነው የሚመጣው?»

ፈገግ አለ። «ይምጡ ላሳይዎት» ብሎ ተነሳ። እስከ ፖሊስ ጣቢያው በር ድረስ እያመሰገንኩ ተከተልኩት።

«ሰላይ ነህ» ብለው ያስገቡኝ የድሮ እህል መጋዘን ውስጥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ የጡብ ያህል ቀዳዳ። የማሽላው ብናኝ ገና ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ያስነጥሳል። ከቀዳዳው ሥር፣ ነፋስ ባለባት በዚያች ቦታ፣ አንድ የሮቢት ፍየል ነጋዴ ተቀምጧል። እሱን በምን እንደያዙት አልነገሩትም። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ጋሼ፣ ሰርጉ የማን ነው?»

«የኔው።»

«ታዲያ ሙሽሪት ቀረች?» ሳቀና ከፌስታሉ ሽርጥ አወጣ። «ይችን ያሸርጡ፤ ወላሂ በዚህ ሱፍ ይቀቀላሉ።»

አሸረጥኩ። ኮቴ የሁለታችን ትራስ ሆነ።

ቆርቆሮው ቀን ይንጣጣል። ከዋናው መንገድ የሚኒባስ ረዳት «ወልድያ፣ አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ ይሰማናል። ፈተናዬ ቅዳሜ ወልድያ ነው። ያ የጎደለው አንድ ሰው እኔ ነበርኩ።

መርማሪው ጠራኝ። «ጋሼ፣ ሰላይ አለመሆንዎን አውቀናል። ያ ነጋዴ የሚያወራውን ብቻ ይንገሩን፣ ለፈተናዎ ይደርሳሉ።»

ፈተናው ካመለጠኝ ዓመቱን መድገም ነው። በኔ ዕድሜ ደግሞ ዓመት የሚደገም ነገር አይደለም።

«ብዙ ያወራል» አልኩት። እስክሪብቶውን አነሳ። «ሙክት ለበዓል ይወደዳል፣ በማግስቱ ይረክሳል ይላል። እኔም ፍላጎትና አቅርቦት ነው ብዬዋለሁ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወደ መጋዘኑ መለሱኝ።

«ምን አሉዎት?» አለኝ ነጋዴው።

«ስለ ሙክት ጠየቁኝ።»

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ከቀዳዳው ሥር ተነሳና «እዚህ ይቀመጡ» አለኝ።

ቅዳሜ ረዳቱ «ወልድያ፣ አንድ ሰው!» ሲል ነጋዴው ኮቱን አጥፎ ወደ እኔ ገፋልኝ።

አንድ ጠዋት «ሽማግሌው፣ ውጣ!» አሉኝ። ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብዬ ቸኮልኩ፤ ኮቴን ትቼ በሽርጥ ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

ትምህርቱን ዓመት ደግሜ ጨረስኩ። ነጋዴውን ወዴት እንደወሰዱት የነገረኝ የለም። ሮቢት በሄድኩ ቁጥር ሽርጡን አጥቤ፣ አጥፌ፣ በፌስታል ይዤ ፍየል ተራውን እዞራለሁ። በዚያ ሙቀት የሱፍ ኮት የለበሰ ነጋዴ ነው የምፈልገው። እስካሁን ሽርጡን ይዤ እመለሳለሁ።